ሥራዎን ጎግል ማፕ ላይ ማስመዝገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአካባቢያቸውን ደንበኛ በኢንተርኔት መሳብ የሚፈልጉ ባለሱቆችና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ይሄ ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል የሚባለው ምንድን ነው?

ሰው ስልኩን አውጥቶ «የጥርስ ሐኪም» ወይም «ስልክ ጥገና» ብሎ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ካርታና ከካርታው ሥር የተደረደሩ ጥቂት ድርጅቶች ይመጡለታል፤ ከነኮከባቸው፣ ከነስልካቸው፣ ከነሥራ ሰዓታቸው። ከእነዚህ አንዱን ሲነካ የሚከፈትለት ገጽ ነው ቢዝነስ ፕሮፋይል። ጎግል ማፕ ላይ ገብቶ ቢፈልግም የሚያገኘው ያንኑ ገጽ ነው።

የቀድሞ ስሙ ጎግል ማይ ቢዝነስ ነበር። በዚያ ስም እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመረ፣ በ2021 መጨረሻ ደግሞ የአሁኑ ስም ወጣለት። «መተግበሪያውን አውርዱ» የሚሉ አሮጌ ቪዲዮዎች አሁንም ሰው ያደናግራሉ፤ የሚሉት መተግበሪያ ግን ከቀረ ቆይቷል። አሁን ገጹን የሚያስተዳድሩት በአካውንትዎ ገብተው ጎግል ላይ የድርጅትዎን ስም በመፈለግ ወይም ከራሱ ከጎግል ማፕ ነው።

ስንት ያስከፍላል?

ምንም። ማስመዝገቡም፣ ማረጋገጡም፣ ፎቶ መጫኑም፣ ለደንበኛ አስተያየት መልስ መስጠቱም ነጻ ነው። ከፍሎ በካርታው ውጤት ላይ ከፍ ማለት የሚባል ነገርም የለም፤ ጎግል ራሱ በግልጽ ጽፎታል። የሚከፈልበት ማስታወቂያው ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገር ምልክት ተለጥፎበት የሚወጣ ሌላ አገልግሎት ነው።

ስለዚህ «ከጎግል ነው የምንደውለው፣ ካልከፈሉ ገጽዎ ይጠፋል» የሚል ስልክ ከመጣ ይዝጉት። በቴክስት የደረሰዎትን የማረጋገጫ ቁጥር እንዲነግሩት የሚጠይቅ ደዋይ ደግሞ ይባስ ገጹን በራሱ ስም ሊያዞረው የሚሞክር ነው። ገጹን እንዲያስተካክልልዎ ባለሙያ ቀጥሮ መክፈል ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚከፍሉት ለድካሙ ነው። «አንደኛ አወጣዎታለሁ» ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ባለሙያ ካገኙ ግን ሌላ ይፈልጉ።

ድረ ገጽ የለኝም፤ ያለሱ ይሆናል?

ይሆናል። ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ ስልክና ቦታ ካለዎት ይበቃል። ጎግል ቀድሞ ከፕሮፋይሉ ጋር በነጻ የሚሰጠው ቀላል ድረ ገጽ ነበር፤ እሱን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘግቶታል። ድረ ገጽ የሚጠየቅበትን ቦታ ባዶ መተው ጥፋት አይደለም።

ከየት ልጀምር?

ከመመዝገብዎ በፊት ይፈልጉ። ጎግል ከሌሎች ምንጮች ሰብስቦ፣ ወይም አንድ ደንበኛ «ይህ ቦታ ካርታው ላይ የለም» ብሎ ጨምሮት፣ ሥራዎ እርስዎ ሳያውቁት ካርታው ላይ ሊኖር ይችላል። በስሙ፣ የድሮ ስም ካለው በድሮ ስሙ፣ በስልክ ቁጥሩም ይፈልጉ። ካርታውን አጉልተውም በርዎ ያለበትን ቦታ ይዩት። ካገኙት አዲስ አይክፈቱ፤ ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎን የሚጠይቀውን መስመር ነክተው ያለውን ይረከቡ። ከሌለ ብቻ አዲስ ይጨምሩ። ይህን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፍለጋ የዘለለ ሰው በኋላ ሁለት ገጽ ይዞ፣ ግማሹ አስተያየት እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖበት ይቸገራል።

ሁለተኛው የሚከፍቱበት አካውንት ነው። የብዙ ሰው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ገጹን ስልክ የሚገባው ዘመድ ወይም ያኔ የነበረው ሠራተኛ በራሱ ጂሜይል ይከፍተዋል፣ ሰውየው ሲሄድ ገጹም አብሮት ይሄዳል። ለሥራው ብቻ የሚሆን አካውንት ይክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉንና ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበውን ስልክ በእጅዎ ያድርጉ፣ የሚረዳዎትን ሰው ደግሞ በራሱ ኢሜይል «ሥራ አስኪያጅ» አድርገው ይጨምሩት። ሥራ አስኪያጅ ሰዓት መቀየር፣ ፎቶ መጫን፣ አስተያየት መመለስ ይችላል፤ ባለቤቱን ማስወጣት ወይም ገጹን መሰረዝ አይችልም።

ስሙን እንዴት ልጻፈው?

ታፔላው ላይ እንዳለው። ደንበኛው በርዎ ላይ ቆሞ ቀና ሲል የሚያነበው ስምና ስልኩ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለባቸው። «ምርጥ»፣ «ርካሽ»፣ «24 ሰዓት»፣ የሰፈር ስም፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥር ከስሙ ጋር አይጨመሩም፤ የተመዘገበው ስምዎ ውስጥ እስካልሆኑ ድረስ።

እውነቱን ለመናገር ስሙ ውስጥ የሚፈለጉ ቃላት የሰገሰጉ ሰዎች ለጊዜው ከፍ ብለው ሲታዩ ያጋጥማል፤ ጎረቤትዎ እንዲህ አድርጎ ሲያዩም ያበሳጫል። ነገር ግን ጎግል ገጽ ከሚያግድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፣ ማንም አላፊ አግዳሚም ሊጠቁም ይችላል። ታፔላዎ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ እንዳለ ያስገቡት። ታፔላው ላይ የሌለ ትርጉም ግን ከራስዎ አይጨምሩ።

ምድቡን ስመርጥ በጣም ተቸገርኩ። የቱ ይሻላል?

መቸገርዎ ልክ ነው፤ ከሚሞሏቸው ነገሮች ሁሉ ፍለጋ ላይ በብርቱ የሚሠራው ምድቡ ነው። አንድ ዋና ምድብና እስከ ዘጠኝ ተጨማሪ ምድቦች መምረጥ ይቻላል። ዝርዝሩ የጎግል ነው፤ ከራስዎ መጻፍ አይችሉም።

ዋናው ምድብ «እኛ ምንድን ነን?» ለሚለው የሚመልስ፣ ከሁሉም ጠባቡና ትክክለኛው ይሁን። የቤት ዕቃ እየሠሩ የሚሸጡ ከሆነ «የቤት ዕቃ አምራች» እና «የቤት ዕቃ መደብር» ሁለት የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ሰው ገብቶ አይቶ የሚገዛው ከሆነ መደብሩን ዋና ያድርጉ፣ በትዕዛዝ ብቻ ከሆነ አምራቹን። የሚሸጡትን ዕቃ ሁሉ በምድብ ለመሸፈን አይሞክሩ፤ ለዚያ የምርትና የአገልግሎት ዝርዝር የሚሞላበት ሌላ ቦታ አለ። ውስጥዎ ቡና ማሽን ስላለ ብቻ «ካፌ» ብሎ መጨመር ቡና ፈላጊውን ወደ ፀጉር ቤት ያመጣዋል፣ ተናዶም ይመለሳል።

ቋንቋው አያስጨንቅዎት። ምድቡን በአንዱ ቋንቋ ቢመርጡም ለፈላጊው የሚታየው ስልኩ በተስተካከለበት ቋንቋ ነው። ምን እንደሚመርጡ ግራ ከገባዎት፣ እንደ ደንበኛ ሆነው የራስዎን አገልግሎት ይፈልጉና ፊት የወጡት ድርጅቶች በስማቸው ሥር ምን እንደተጻፈ ይዩ።

ሱቅ የለኝም፣ ከቤት ነው የምሠራው። የቤቴ አድራሻ ሳይታይ መመዝገብ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ እንዲያውም ደንበኛ ወደ ቤትዎ የማይመጣ ከሆነ አድራሻው መደበቅ አለበት። የቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቤት ለቤት የሚያስጠና መምህር የሚመዘገቡት እንዲህ ነው። በአድራሻ ፈንታ የሚያገለግሉባቸውን አካባቢዎች ይዘረዝራሉ፤ እስከ 20 ድረስ ይፈቀዳል። ጠቅላላ ስፋቱ ከመነሻዎ በመኪና ከሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ባይበልጥ ይመከራል። አገሩን በሙሉ ማስገባት በሁሉም ቦታ አያሳይዎትም።

የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ አድራሻ አይቀበሉም። በወር ኪራይ «አድራሻ ብቻ» የሚያከራዩ ቢሮዎችም በሥራ ሰዓት የራስዎ ሠራተኛ ካልተቀመጠባቸው አይሆኑም። ዕቃ እየላኩ በኢንተርኔት ብቻ የሚሸጡና ከማንም ጋር በአካል የማይገናኙ ከሆነ ደግሞ ይህ አገልግሎት ለእርስዎ አልተሠራም።

መንገዳችን ስም የለው፣ ቤታችን ቁጥር የለው። አድራሻ ምን ብዬ ልሙላ?

ፒኑን ይጠቀሙ። አድራሻ ሲሞሉ ካርታው ላይ የምትመጣውን ቀይ ምልክት ጎትተው በትክክል በርዎ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ይቀይሩት፣ ጣሪያዎን ይለዩ፣ ምልክቷንም የሕንፃው መሐል ላይ ሳይሆን መግቢያው በኩል ያድርጓት። ትልቅ ሕንፃ ከሆነ ይህቺ ትንሽ ነገር ደንበኛው ከጀርባ አጥር ጋር እንዳይፋጠጥ ታደርጋለች። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የክፍል ቁጥሩን በአድራሻው ሁለተኛ መስመር ይጻፉ።

ፕላስ ኮድ የሚባል ነገርም አለ። ጎግል መንገድና ቤት ቁጥር ለሌላቸው ቦታዎች ብሎ ያወጣው፣ ምድርን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አጭር ኮድ የሚሰጥ ዘዴ ነው፤ የተለመደው ኮድ የሚያመለክተው ወደ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሚሆን ቦታ ነው። ጎግል ማፕ ላይ ቦታዎን ተጭነው ሲይዙት ከታች ይወጣል። ኮድዋን ለደንበኛ በቴክስት ቢልኩለት ፍለጋው ላይ ለጥፎ በቀጥታ በርዎ ላይ ይደርሳል።

ማረጋገጫ የሚሉት እንዴት ነው የሚሠራው?

ሥራው በእውነት እንዳለና እርስዎም የራሱ ሰው እንደሆኑ ጎግል እስኪያምን ድረስ ገጹ በሙሉ አይከፈትልዎትም። መንገዱ ስልክ ወይም ቴክስት፣ ኢሜይል፣ ፖስታ፣ ቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ፣ ወይም ተቀርጾ የሚላክ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። የሚመርጠው ጎግል እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ አንዳንዴም ከአንድ በላይ ይጠይቃል። በፖስታ ከሆነ ካርዱ እስኪደርስ ስሙን፣ አድራሻውንና ምድቡን አይነካኩ፤ የሚመጣው ኮድ ያገለግላል የሚባለው ለ30 ቀን ነው።

አሁን አሁን ብዙ ሰው የሚገጥመው ቪዲዮው ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥና ሳይቀናበር በአንድ ጊዜ የተቀረጸ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ የሚሆን መሆን አለበት። ሦስት ነገር ያሳያል፦ ቦታውን፣ ሥራውን፣ የእርስዎን ሥልጣን። ከውጭ ይጀምሩ፤ መንገዱን፣ አጠገብ ያሉትን ሕንፃዎች፣ ከዚያ ታፔላውን ስሙ እስኪነበብ ድረስ። ቀረጻውን ሳያቋርጡ በሩን በራስዎ ቁልፍ ይክፈቱ፣ ይግቡ፣ መሣሪያውን ወይም ዕቃውን ያሳዩ፣ ከዚያ ሠራተኛ ብቻ የሚደርስበትን ነገር፤ ገንዘብ መቀበያውን፣ መጋዘኑን፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩን። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ ካለም ጠጋ ብለው ያንሱት። የሰው ፊት፣ የባንክ ወረቀትና መታወቂያ አይግቡበት። ሱቅ የሌለዎት ከሆነ የሥራ መሣሪያዎን፣ ስሙ የተጻፈበት መኪና ካለዎት እሱን፣ የምዝገባ ወረቀትዎንም ያሳዩ።

ከላኩ በኋላ ምርመራው እስከ አምስት የሥራ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ካልተቀበሉት ደግመው መቅረጽ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ታፔላውና የመንገዱ ምልክት ነው።

ፎቶና መግለጫው ላይ ምን ያህል ልድከም?

ፎቶው ላይ ይድከሙ፣ መግለጫው ላይ ብዙም። መግለጫው እስከ 750 ፊደል ይቀበላል፤ ምን እንደሚሠሩና ለማን እንደሚሠሩ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሊንክ ማስገባት አይፈቀድም።

ፎቶ በጄፒጂ ወይም በፒኤንጂ፣ ከ10 ኪሎባይት እስከ 5 ሜጋባይት፣ ቢቻል ከ720 በ720 ፒክሰል ባላነሰ። አንደኛው የግድ የሚያስፈልገው ከመንገድ ማዶ ሆኖ በቀን ብርሃን የተነሳ የፊት ለፊት ፎቶ ነው፤ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ የሚያመሳክረው በሱ ነው። ከዚያ ውስጡ፣ ሠራተኞቹ በሥራ ላይ፣ የጨረሳችሁት ሥራ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

የሥራ ሰዓት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ብዙ ሰው የሚፈልገው «አሁን ክፍት የሆነ» ነው፤ «ተዘግቷል» የሚል ካየ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን ያወቁ አንዳንዶች 24 ሰዓት ክፍት ነን ብለው ይሞላሉ። በሌሊት መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኘ ሰው የሚሰጥዎት አንድ ኮከብ ግን ሌሊት ከሚያገኙት ጥሪ ሁሉ ይከብዳል።

ለበዓላት «ልዩ ሰዓት» የሚባል ለብቻው የሚሞላ ቦታ አለ፤ የዘወትሩን ሳይነኩ ለዚያ ቀን ብቻ ይቀይሩበታል። ለዕድሳት ወይም በሕመም ምክንያት ጥቂት ሳምንት ከዘጉ «ለጊዜው ተዘግቷል» የሚለውን ይምረጡ። «ለዘለቄታው ተዘግቷል» የሚለውን ግን በስህተት እንዳይነኩ ይጠንቀቁ።

ተረጋግጦልኛል፤ ግን ስፈልግ አልወጣም። ለምን?

መጀመሪያ እንዴት እንደፈለጉ ይዩ። በድርጅቱ ሙሉ ስም ፈልገው ካጡት የማረጋገጫ ወይም የእገዳ ችግር አለ ማለት ነው። በስሙ እየወጣ በሥራው ዓይነት ሲፈልጉ ብቻ የማይወጣ ከሆነ ጉዳዩ ውድድር ነው።

ጎግል የካርታውን ውጤት የሚያሰልፈው በሦስት ነገር እንደሆነ ይናገራል፦ ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት። ተዛማጅነት ማለት የሞሉት መረጃ ሰውየው ከፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል ይገጥማል ነው፤ ምድብ፣ አገልግሎት፣ ምርት። ርቀት ሰውየው ካለበት ቦታ ነው፣ በእሱ ላይ ምንም ማድረግ አይችሉም። ለዚህም ነው ሱቅዎ ውስጥ ሆነው ሲፈልጉ አንደኛ፣ ከተማው ማዶ ያለ ጓደኛዎ ሲፈልግ የትም የሚሆኑት፤ ሁለታችሁም የምታዩት ልክ ነው። ታዋቂነት ደግሞ የአስተያየቶች ብዛትና ኮከብ፣ ሌሎች ድረ ገጾች ስለ እርስዎ የሚሉትና የሚሰጡት ሊንክ ነው። አዲስ ገጽ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሞላውም በጊዜ ነው።

ጠዋት ማታ የራስዎን ስም እየፈለጉ ደረጃ ከመቁጠር ገጹ ውስጥ ያለውን የአፈጻጸም ቁጥር በወር አንዴ ማየት ይሻላል። ስንት ሰው የመደወያውን ቁልፍ ነካ፣ ስንቱ አቅጣጫ ጠየቀ፣ በምን ቃል ፈልገው አገኙዎት የሚለውን ያሳያል። የፍለጋ ቃላቱ በተለይ ይጠቅማሉ፤ ሰው እርስዎ በማታስቡት ስም ሥራዎን እንደሚጠራው ያኔ ይታያል። የጥሪው ቁጥር ግን ቁልፉን የነካውን ይቆጥራል እንጂ ስልኩ መነሳቱን አያውቅም።

ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍልኝ እንዴት ልጠይቅ? ቅናሽ ማድረግስ?

መጠየቅ ይፈቀዳል። ቅናሽ፣ ስጦታ ወይም ገንዘብ መስጠት ግን ክልክል ነው። ገጹ ለአስተያየት የሚሆን የራሱ ሊንክና ኪውአር ኮድ ያወጣልዎታል። ኪውአሩን አትመው ሒሳብ በሚከፈልበት ቦታ ያስቀምጡ፣ ወይም ሥራው ባለቀ ቀን ሊንኩን በቴክስት ይላኩ። ከሁሉ የሚሠራው ግን ሰውየው ደስ ብሎት እያመሰገነ ባለበት ሰዓት «ይህንኑ ጎግል ላይ ቢጽፉልን» ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ የሚላክ መልእክት ብዙም አያስነሳም።

ደስ ያላቸውን ብቻ ለይቶ ሊንክ መላክ፣ ቅር ያላቸውን ደግሞ ወደ ሌላ ቅጽ ማዞር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው። ባለቤትና ሠራተኛ ለራስ ሥራ መጻፍም እንዲሁ። በአንድ ቀን ሠላሳ አስተያየት ከሚመጣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቢመጣ ለሰውም ለጎግልም የሚታመነው እሱ ነው።

መጥፎ አስተያየት ተጻፈብኝ። ማጥፋት ይቻላል?

እርስዎ ማጥፋት አይችሉም። ደንብ የጣሰ ከሆነ፣ ማለትም ስድብ፣ ማስፈራሪያ፣ ማስታወቂያ፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ነገር ወይም የውሸት ከሆነ ለጎግል ያመልክታሉ፤ ውሳኔውን ካልተቀበሉት አንድ ጊዜ ይግባኝ ማለት ይቻላል። «ስላልተስማማሁበት» ግን ምክንያት አይሆንም። ጎግል ማን ልክ እንደሆነ ለመዳኘት አይገባም።

ስለዚህ መልስ ይጻፉ፣ ግን በዚያው ሰዓት አይጻፉ። መልስዎን የሚያነበው ቅር የተሰኘው ሰው ብቻ አይደለም፤ ነገ ሊመጣ የሚያስብ ሁሉ ያነበዋል። አንድ ደንበኛ «ላፕቶፔን ሁለት ጊዜ አመላልሰውኛል» ብሎ ቢጽፍ፦ «በቀጠሮው ቀን ስላልደረሰልዎት ይቅርታ እንጠይቃለን። ያዘዝነው መለዋወጫ ዘግይቶብን ነበር፤ ከመምጣትዎ በፊት ደውለን መንገር ነበረብን። እባክዎ ይደውሉልን፣ ጉዳዩን ራሴ እከታተላለሁ።» ይበቃል። ስለ ሰውየው ዕቃ፣ ጤና ወይም ክፍያ ዝርዝር በአደባባይ አያውጡ፣ ሐኪም ወይም ጠበቃ ከሆኑ በተለይ። ደንበኛዎ መሆኑን መዝገብዎ ላይ ካጡት ደግሞ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሥራ አላገኘንም፤ ከተሳሳትን እባክዎ ያግኙን» ማለት «ውሸታም» ከማለት የተሻለ ያስረዳል።

እኔ ሳልነካው ስልክ ቁጥሬና ሰዓቴ ተቀይሮ አገኘሁት። ማን ቀየረው?

ማንኛውም የጎግል ማፕ ተጠቃሚ እርማት ሊጠቁም ይችላል፤ ጎግልም ከሌላ ቦታ ያገኘውን መረጃ አምኖ ራሱ ይለውጣል። ብዙውን ጊዜ ተንኮል የለበትም፤ ፌስቡክ ገጽዎ ላይ የቆየ ቁጥር ቀርቶ ከዚያ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ለውጥ ሲኖር ኢሜይል ይደርስዎታል፣ ገጹ ላይም ልቀበል ወይስ አልቀበል የሚል ይመጣል። የማይከፈት ኢሜይል ላይ የተመዘገበ ሰው ግን ይህን የሚያውቀው ስልኩ መጮህ ሲያቆም ነው።

ሌሎች ቦታዎችም ልመዝገብ ወይስ ጎግል ብቻ ይበቃል?

ጎግል ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ቦታ ይጨምሩ። የአይፎን ካርታ የጎግልን መረጃ አይወስድም፤ ለሱ አፕል ለድርጅቶች ባዘጋጀው አገልግሎት (እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቢዝነስ ኮኔክት ተብሎ በወጣው) በነጻ ይመዘገባሉ። የማይክሮሶፍቱ ቢንግ ፕሌስስ ያሉትን መረጃዎች ከጎግል ፕሮፋይልዎ ቀድቶ ያስገባልዎታል። ኦፕንስትሪትማፕም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ማንም አካውንት ከፍቶ የሚያስተካክለው፣ ብዙ መተግበሪያዎች ከሥሩ የሚጠቀሙበት ካርታ ነው። እዚያ ግን ከጎግል ማፕ መገልበጥ ክልክል ስለሆነ በዓይንዎ የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ። የትም ቢመዘገቡ ስሙ፣ አድራሻውና ስልኩ አንድ ዓይነት ይሁኑ። የት የት እንደተመዘገቡ አንድ ወረቀት ላይ ይያዙት፤ ስልክ የቀየሩ ቀን ይፈለጋል።

ገጼን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ወይ የድሮ ሠራተኛ ነው ወይ ጨርሶ አላውቀውም።

ገጹን ከፍተው የባለቤትነት ጥያቄ ያቅርቡ። ጥያቄው አሁን ለያዘው ሰው በኢሜይል ይሄዳል፤ የኢሜይሉ ጥቂት ፊደላት ለእርስዎም ስለሚታዩ ማን እንደሆነ ለመገመት ይረዳል። ሰውየው መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን አለው። ዝም ካለ ራስዎ አረጋግጠው የሚረከቡበት ዕድል ሊከፈትልዎ ይችላል። እምቢ ካለ ደግሞ ይግባኝ አለ። የምታውቁት ሰው ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ስልክ መደወል ይቀላል፤ አብዛኛው የድሮ ሠራተኛ ገጹ በስሙ መሆኑን እንኳ ረስቶታል።

ከተረከቡ በኋላ ለሰባት ቀን አንዳንድ ነገሮች አይፈቀዱልዎትም፤ ሌሎችን ማስወጣትና ገጹን መሰረዝ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ስርቆትን ለመከላከል የተደረገ ነው፤ ይታገሱ።

ገጼ ታገደ። አዲስ ልክፈት?

አይክፈቱ። ሁለተኛው ገጽ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፣ የመጀመሪያውንም ጉዳይ ያበላሻል። መጀመሪያ ምን እንደጣሱ ይፈልጉ፦ ስሙ ላይ የተጨመረ ቃል፣ ደንበኛ የማይመጣበት አድራሻ መታየቱ፣ የተከራዩት «አድራሻ ብቻ»፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ገጽ፣ ወይም በአንድ ቀን ስምም አድራሻም ምድብም መቀየር። ካገኙት ያስተካክሉት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይግባኙን ያቅርቡ። ሳያስተካክሉ የቀረበ ይግባኝ ብዙውን ጊዜ ውድቅ ነው።

ቅጹን ከመክፈትዎ በፊት ወረቀቶችዎን አሰናድተው ይያዙ፤ የንግድ ምዝገባ፣ ፈቃድ፣ የግብር ወረቀት፣ በድርጅቱ ስም የመጣ የውሃ ወይም የመብራት ደረሰኝ። ማስረጃ መጫኛው ከተከፈተ በኋላ የሚሰጥዎት 60 ደቂቃ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና አድራሻ ገጹ ላይ ካለው ጋር በፊደል ደረጃ ይግጠም፤ ፈቃዱ በእርስዎ ስም ሆኖ ገጹ በንግድ ስሙ ከሆነ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰነድ ይጨምሩ። የይግባኙ ጽሑፍ አጭር ይሁን። ምሬትን የሚያነብልዎት የለም፤ የሚያዩት ሰነዱን ነው።

ቦታ ልቀይር ነው፣ ሥራውን ልሸጥም እችላለሁ። ገጹ ምን ይሆናል?

ለቦታ ለውጥ ያለውን ገጽ አድራሻ ይቀይሩ፤ አስተያየቶቹ አብረዎት ይሄዳሉ። እንደገና ማረጋገጫ ሊጠየቁ ስለሚችሉ አዲሱ ቦታ ላይ ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ቢቀይሩት ይመረጣል። ሌላ ቅርንጫፍ ከከፈቱ ግን እሱ የራሱ ገጽ፣ ቢቻል የራሱ ስልክ ያስፈልገዋል። ቅርንጫፎቹ አሥርና ከዚያ በላይ ሲሆኑ በጅምላ የማረጋገጥ መንገድ አለ።

ሲሸጡ ገጹን አይሰርዙት፤ መሰረዝ እርስዎን ከአስተዳደሩ ያስወጣል እንጂ ቦታውን ከካርታ ላይ የግድ አያጠፋውም። ገዢውን በራሱ ኢሜይል ባለቤት አድርገው ይጨምሩት፣ ሰባቱ ቀን ሲያልፍ ዋና ባለቤትነቱን ያስተላልፉለት፣ ከዚያ ራስዎ ይውጡ። ስሙና ሥራው ካልተቀየረ አስተያየቶቹ ለሱ ይቀራሉ፤ ይህም ከሚሸጡት ነገር አንዱ ስለሆነ ዋጋ ስትነጋገሩ ይነሳ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ። ገዢው ቦታውን ወስዶ ፈጽሞ ሌላ ሥራ የሚጀምር ከሆነ ግን የእርስዎን «ለዘለቄታው ተዘግቷል» ብለው ይዝጉት፣ እሱም የራሱን ከዜሮ ይክፈት።